እስስት ስትይዝሽ አህያ ፈልጊ

ከሁሉ አስቀድሜ ፈሪ መሆኔን ልናገርና ይውጣልኝ። የተማረ ሰው ቢሆን ይህን ደብቆ ቆይቶ መጨረሻው ገጽ ላይ ያወጣው ነበር። እኔ ግን ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ስለሆንኩ ብዙ ገጽ የለኝም። እፈራለሁ። ጉጉት ጣሪያችን ላይ ከጮኸች በማግስቱ ጎረቤት ለጎረቤት እየዞርኩ የታመመ ሰው እንዳለ እጠይቃለሁ። እባብ በረት ገብቶ ላም ይጠባል ሲሉኝ፣ አንዲት ላም ሳይኖረኝ ፈርቻለሁ። የሌሊት ወፍማ ስሟን ስጽፍ እንኳ እጄ ወደ ሻሼ ይሄዳል። ፀጉር ውስጥ ከገባች ካልተላጩ አትወጣም ይባላል። ስለዚህ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሻሼን እስከ ቅንድቤ ድረስ አወርደዋለሁ። ቦንጋ ደግሞ እንደምታውቁት ዛፍ በዛፍ ናት፤ የት ይኬዳል?

የማርታ አባት ማንኪራ ጫካ ውስጥ ቀፎ ሰቅሎ ማር የሚቆርጥ ሰው ነው። በዚያ ሁሉ ንብ መሀል እጁን ከትቶ ያንጎራጉራል። "አንቺን ያገባሁት የሁለታችንንም ፍርሃት አንቺው እንድትይዢልኝ ብዬ ነው" ይለኛል። እሱም ቢሆን ግን ከነገሩ ነፃ አይደለም። ንብ ከሚስቱ ተጣልቶ የመጣን ሰው በጠረኑ ታውቃለች ብሎ ያምናል። ስለዚህ ማር ሊቆርጥ ሁለት ቀን ሲቀረው ራሱ መጥቶ ይታረቀኛል። ይቺን እምነቱን ማንም እንዲያርምብኝ አልፈልግም።

ልጄ ማርታ በማን እንደወጣች ግን እንጃ። ከኛ ቤት ቁልቁል ወርዶ ካለው ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። ያን ጊዜ የሙከራ ጊዜዋን ልትጨርስ ጥቂት ቀን ነበር የቀራት። ሐሙስ ዕለት ሱፐርቫይዘር መጥቶ ክፍሏ ውስጥ ይቀመጣል፣ ስታስተምር አይቶ ፎርም ይሞላል፣ ፎርሙ ካማረ ቋሚ ትሆናለች፣ ካላማረ ወደ ቤት ትመለሳለች። ቤታችን ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ከቋሚ በቀር ሌላ ቃል አልተነገረም። ጸሎት ላይም ቋሚ፣ ራት ላይም ቋሚ። እኔ ከሦስተኛ ክፍል የወጣሁት እናቴ ታማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከቤታችን ትምህርት ቤት ገብቶ አስተማሪ ሆኖ የወጣ ማርታ የመጀመሪያዋ ናት። እንግዲህ ነገሩ ምን ያህል እንደከበደኝ ገምቱ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የጫማ ካርቶን ታቅፋ መጣች።

"እማዬ፣ ይቺን ካርቶን እንዳትነኪ።"

"ጫማ ገዛሽ?"

"አይደለም። እስስት ናት።"

ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ወንበሩ ላይ ቆምኩ።

"እስስት ቤቴ ምን ልትሠራ መጣች?"

"የነገ ትምህርቴ ሰው ስለ እንስሳት በስህተት የሚያምናቸው ነገሮች ነው። ልጆቹ በዓይናቸው አይተው፣ ደፋሩም ነክቷት እንዲያረጋግጥ ነው። ምንም አታደርግም እኮ እማዬ! መርዝ የላትም።"

"አንቺን ቋሚ ለማድረግ እኔ ልሙትልሽ?"

እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እስስት አንዱ ዓይኗ አንቺን ሲያይ ሌላው የሚመጣብሽን ቀን ያያል ትለኝ ነበር። በልጅነቴ እስስት ያየሁ ቀን ታዲያ በሁለቱ ዓይኗ መሀል ላለመገኘት ስዞር የወጣልኝ ላብ! ይህን ለማርታ ብነግራት ዓይኖቿ ለየብቻ የሚዞሩት የምትበላውንና ጠላቷን በአንድ ጊዜ ለማየት ነው አለችኝ። እኔ ደግሞ ልክ እናቴ ያለችው ነው፣ አንቺ በትምህርት ቋንቋ አልሽው እንጂ አልኳት።

በዚህ መሀል በእንሰቱ አጥር በኩል እትዬ ዘውዴ ገቡ። እትዬ ዘውዴ ጎረቤታችን ናቸው። ባለቤታቸው ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን ተመድበው ሲመጡ ተከትለው መጥተው ይኸው እዚሁ አረጁ። የማያውቁት ነገር የለም፤ የማያውቁትንም ቢሆን ያውቁታል።

"እስስት?" አሉ ደረታቸውን ይዘው። "ወይ ጉድ! እሷ እኮ አንዴ ከያዘች አህያ ካልጮኸ አትለቅም። ብትጎትቻት ጥርሷ ሥጋሽ ውስጥ ይቀርና ጣትሽ እንደ ጭራሮ ይደርቃል።"

ማርታ ሳቀች። "እትዬ ዘውዴ፣ ነገ ክፍሌ ይምጡልኝ። እርስዎ ካሉ ሌላ መጽሐፍ አያስፈልገኝም።"

እሷ ትሳቅ፤ እኔ ግን በልቤ አህያ እየቆጠርኩ ነበር። በኛ ሰፈር ሸክም የፈረስ ነው። ፈረስ ካልሆነ በቅሎ ነው። አህያ ከሽንኩርት ነጋዴ ጋር አልፎ አልፎ ብቅ ብትል እንጂ እንደ ፈለጉ የምትገኝ አይደለችም። እትዬ ዘውዴ በሽታውን ከአገራቸው ይዘው መጥተው መድኃኒቱን እዚያው ረስተውት ነው የመጡት።

ሐሙስ ጠዋት ጭጋግ ነበር። ማርታ ለሰልፍ ስትጣደፍ ካርቶኑን መስኮቱ ሥር አኖረችው። "ብርድ አይስማማትም፣ ፀሐይ ስትወጣ እዚህ ትሙቅ። የኔ ክፍለ ጊዜ ዘግየት ይላል፤ በእረፍት ሰዓት መጥቼ እወስዳታለሁ። እማዬ፣ አትክፈቺው።" ብላኝ ሄደች።

እኔስ መቼ ልከፍት? ካርቶኑን ከሩቅ እያየሁ ሽንኩርት ስልጥ ነበር። መጀመሪያ ትቧጭራለች፤ ቸር ቸር ቸር። ያንን እንደምንም ቻልኩት። ኋላ ዝም አለች። እኔን የሚያስፈራኝ ደግሞ ዝም ያለ ነገር ነው። ከሞተችስ? ማርታ የሞተች እስስት ይዛ ሱፐርቫይዘር ፊት ልትቆም ነው። "ምንም አታደርግም" ስትል ልጆቹ "አዎ ቲቸር፣ ሞታለች እኮ!" ሊሏት ነው። ቋሚ የሚባለው ነገር ከነካርቶኑ ሊቀበር ነው። እንዲህ እንዲህ ሳስብ እግሬ ወደ ካርቶኑ ወሰደኝ። ክዳኑን በወንፊት እጀታ ገፋሁት።

ቅጠል ብቻ። እስስት የለችም።

ትናንት ማርታ ስታሳየኝ ጠቆር ያለች ነበረች። አሁን ያለው አረንጓዴ የቡና ቅጠል ነው። አመለጠች! ቤቴ ውስጥ ናት! አልጋዬ ውስጥ ናት! ደግሞ ከሥር ተደብቃ ይሆናል አልኩና የቀኝ እጄን ጠቋሚ ጣት ልኬ አንዱን ቅጠል ገለጥ አደረግሁት።

ቅጠሉ ያዘኝ።

የጮህኩት ጩኸት እንዴት እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ ሰፈሩ ነው የነገረኝ። እጄን ሳወጣ እስስቷ በእግሮቿ ጣቴን እንደ መቆንጠጫ ቆንጥጣ፣ ጭራዋን አንጓዬ ላይ ጠምጥማ አብራኝ ወጣች። እትዬ ዘውዴ እንሰቱን ጥሰው ደረሱ።

"አትንኪያት! አትጎትቻት! ነከሰችሽ?"

"እኔ እንጃ! ይዛኛለች!"

"ያመሻል?"

"አያመኝም!"

"አየሽ? ደንዝዟል! በቃ ጣቱ ሄዷል! አህያ!" ብለው የጭነት እንስሳ ወደማይጠፋበት ወፍጮ ቤት ሮጡ። በዚያ ዕድሜያቸው ሲሮጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሲመለሱ ጋሽ ወልዴን ከነበቅሏቸው እየጎተቱ ነው። ጋሽ ወልዴ ከማንኪራ በቆሎ ጭነው ወፍጮ ቤት የመጡ፣ የማርታን አባት የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው።

"እትዬ ዘውዴ፣ በቅሎ ናት እኮ" አልኩ።

"በቅሎ ግማሽ አህያ አይደለች? አባቷ አህያ ነው። ግማሹን ትለቅልሽ ይሆናል!"

እኔም በጭንቀቴ ግማሹ የትኛው እንደሚሻለኝ ማሰብ ጀመርኩ። ጭራዋን ብትለቅ ምን ይጠቅመኛል? እግሯን ብትለቅ ይሻላል። ጋሽ ወልዴ ነገሩ ሲነገራቸው ቆባቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ።

"በቅሎዬ ዝምተኛ ናት" አሉ። "ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ክፉ ቃል አልወጣትም።"

እትዬ ዘውዴ በቅሎዋን ጆሮዋ ሥር "ሂሃ! ሂሃ!" አሏት፣ እንድታስታውስ። በቅሎዋ አየቻቸው። ከዚያ ፊቷን አዞረችና የጎመን መደቤን መብላት ጀመረች። ጋሽ ወልዴ ግን እስስቷን ቀረብ ብለው አይተው "ይቺ እኮ የኔን የቡና ዛፍ ትንኝ የምትለቅምልኝ ናት። ዝም ብለሽ ብትተያት ራሷ ትሄዳለች" አሉኝ። በዚያን ሰዓት ይህን ማን ይሰማል? ምክሩ ቀሎ ታየን።

እትዬ ዘውዴ ስልካቸውን አወጡ። ሺሺንዳ ከተማ ሽንኩርት የምትነግድ ወዳጅ አለቻቸው፤ አህያ አላት። ድምፁን ከፍ አደረጉት።

"አንቺ! አህያሽ አለች?"

"አለች፤ ምነው?"

"አስጩሂያት! ስልኩን አፏ ላይ አድርጊና አስጩሂያት! ሰው ሊሞት ነው!"

"እትዬ ዘውዴ፣ ሣር እየበላች ነው። ደስ ብሏታል። ምን ብዬ ላስጩኻት?"

"ሣሩን ቀሚያት!"

ቀማቻት መሰለኝ፤ አንድ የኮሽታ ድምፅ መጣ፣ "ኧረ ተይ! ረገጥሽኝ!" የሚል የሴትዮዋ ጩኸት ተከተለ፣ ኔትወርኩም ተቋረጠ። አህያዋ ሳትሆን ነጋዴዋ ነበረች የጮኸችው። እስስቷ ንቅንቅ አላለችም።

ይኸን ጊዜ የኔ ስልክ ጠራ። ማርታ ናት። በግራ እጄ አነሳሁ።

"እማዬ፣ ሱፐርቫይዘሩ ከሰዓት ሌላ ትምህርት ቤት ስላለባቸው የኔን ክፍለ ጊዜ ቀደም አደረጉት። ልክ ከእረፍት በኋላ ነው። ከኔ ጋር ተቀምጠዋል፣ መውጣት አልችልም።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እማዬ፣ ትምህርቱ በሙሉ በሷ ላይ ነው የተዘጋጀው። እሷ ከሌለች ሌላ የማሳየው የለኝም። ካርቶኑን በእትዬ ዘውዴ ላኪልኝ።"

ካርቶኑን አየሁት። ባዶ ነው። ጣቴን አየሁት። ሙሉ ነው።

"እሺ ልጄ፣ ትመጣለች" አልኳትና ዘጋሁት። ማን እንደምትመጣ አልነገርኳትም።

እትዬ ዘውዴ "አትሂጂ! ስትራመጂ መርዙ ወደ ልብሽ ይወጣል!" አሉ። እኔ ግን እግሬን ማቆም አልቻልኩም። የልጄ ሥራ ጣቴ ላይ ተቀምጦ ቤት ልዋል? ነጠላዬን በግራ እጄ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁ፣ ቀኝ እጄን ጧፍ እንደያዘ ሰው ፊቴ ዘርግቼ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ባጃጅ አስቆምኩ። ሾፌሩ ሽበት ጣል ያደረገበት ትልቅ ሰው ነው።

"ማዘር፣ ጣትዎ ላይ ያለው ምንድነው?"

"የልጄ ሥራ ነው።"

ቀረብ ብሎ አየና ባጃጁን ወደ ኋላ ነዳው። "ይቅርታ ማዘር። ገብታ የባጃጄን ቀለም ከያዘች በኋላ በምን ለይቼ አወጣታለሁ?" ብሎኝ ሄደ። ተሳፋሪ የነበረችው ሴት እስክትርቅ ድረስ አንገቷን አውጥታ አየችኝ።

በእግሬ ወረድኩ። ጭቃው ያንሸራትታል። ብወድቅ በየትኛው እጄ እንደምደገፍ እያሰብኩ፣ ጣቴ ላይ ያለችውም በየመንገዱ ዓይኗን እያዞረች፣ ሁለታችንም ቀስ እያልን። በእውነት ለመናገር ከኔ ይልቅ እሷ ረጋ ብላ ነበር። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ "መታወቂያ" አለኝ። "በየትኛው እጄ ላውጣልህ?" ብዬ ጣቴን ሳቀርብለት በሩን ለሁለት ከፈተልኝ።

የማርታን ክፍል ከድምፅዋ ለየሁት። ድምፅዋ ቀጥኗል። ሕፃን ሆና ስትዋሽ እንደዚያ ይቀጥን ነበር። "አሁን... አሁን በቅርቡ የምናየው እንስሳ..." ትላለች። ጊዜ እየገፋች ነው። በሩን በክርኔ ገፍቼ ገባሁ።

ወደ ስልሳ የሚሆን ልጅ ዞሮ አየኝ። ከኋላ ወንበር ላይ መነጽር ያደረገ ሰው ፎርም ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ገና ስገባ አንድ ነገር ጻፈ።

"ልጄ" አልኩ፣ "አመጣኋት። ግን አልለቅ አለችኝ።"

የማርታ ጠመኔ እጇ ላይ ቆመ።

ሱፐርቫይዘሩ ብድግ አለ። "እናቴ፣ ምን ሆነው ነው?"

እኔ ደግሞ ስፈራ እውነት ነው የምናገረው። "አህያ አጣን" አልኩት። "በቅሎም ሞከርን፤ ዝምተኛ ናት። ሺሺንዳም ደውለን ነበር።"

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ልጆች ዴስክ ደበደቡ። ያኔ ነው ያደረግሁት ነገር የገባኝ። ልጄ እስስት አያስፈራም ልትል በቆመችበት፣ የገዛ እናቷ እየተንቀጠቀጠች ገባች። ያውም የምትመዘን ቀን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ እስስቷ ግን አብራኝ ትገባ ነበር። ቀና ብዬ አየኋት። አንዱ ዓይኗ እኔን፣ ሌላው ማርታን ያያል። እናቴ ያለችው ቀን ይኸው መጣ አልኩ።

ማርታ ጠመኔዋን አስቀመጠችና አጠገቤ መጥታ ቆመች። ሌላውን እጄን ያዘችኝ። ድምፅዋ ተመለሰ።

"ዝም በሉ። እስስት ከያዘች አህያ ካልጮኸ አትለቅም ሲባል የሰማችሁ እጃችሁን አውጡ።"

ሳቁ ቆመ። መጀመሪያ አንዲት ልጅ አወጣች። ከዚያ አሥር፣ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። ከኋላ ወንበር ሱፐርቫይዘሩም እጁን ማንሳት ጀመረ፣ ማንነቱ ትዝ አለውና ጆሮውን አከከበት።

"ሁላችሁም ሰምታችኋል። እናቴም ሰምታለች። እናንተ ግን ስትሰሙ ሳቃችሁ፤ እሷ እየፈራችም እስከዚህ አምጥታልናለች።" ይህን ስትል አላየችኝም፤ ያኔ ብታየኝ ሁለታችንም እናለቅስ ነበር። "አሁን እውነት መሆኑን እንፈትን። አህያ የለንም። ማን ነው እንደ አህያ መጮህ የሚችል?"

ኧረ ማን የማይችል አለ! ስልሳ ልጅ በአንድ ጊዜ ጮኸ። እኔ እንደዚያ ያለ ነገር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ ከሌሎቹ ክፍሎች አስተማሪዎች ሮጠው ወጡ፣ ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ደርሶ "ምን ተፈጠረ?" ሲል ሱፐርቫይዘሩ "ትምህርት ላይ ነን" አለው።

እስስቷ አልለቀቀችም። አንድ ዓይኗን ብቻ ጨፈን አድርጋ ከፈተችው።

"እንግዲህ አህያው አልሠራም" አለች ማርታ። "አሁን እግሮቿን እዩ። እንደ መቆንጠጫ ናቸው፤ ዛፍ ላይ እንዳትወድቅ ነው የተሠሩት። እናቴን የያዘቻት ልትጎዳት አይደለም፣ እንዳትወድቅ ነው። የፈራችው እሷ ናት።" የምትጠቁምበትን ዱላ አንስታ ከጣቴ ከፍ አድርጋ አቀረበችላት። "ሁልጊዜ ወደ ላይ መውጣት ትወዳለች።"

እስስቷ ዱላውን አየችው። አንድ እግሯን አነሳች። አየር ላይ ወዲያና ወዲህ ወዘወዘችው፤ ገበያ ላይ ዋጋ እንደምትከራከር ሴት ጊዜዋን ወሰደች። ስልሳ ልጅ ትንፋሹን ዋጠ። ከዚያ አስቀመጠችው። ሁለተኛውን። ጭራዋን ከአንጓዬ ፈታች። ሄደች። በቃ።

ጣቴን አየሁት። ቀዳዳ የለ፣ ደም የለ፣ ጥርስ የለ። ማርታ ለልጆቹ እንዳሳይ ነገረችኝ። በየዴስኩ እየዞርኩ ጣቴን አሳየሁ። አንዲት ልጅ ዳሰሰችውና "ሽንኩርት ይሸታል" አለች። የፊተኛው ዴስክ ላይ ቦታ ተለቀቀልኝና ተቀመጥኩ። ያን ያህል ዘመን አልፎ ዴስክ ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ አልገባም አለ፤ እንደምንም አስገባሁት። ቀለሟ የሚለወጠው በስሜቷና በብርዱ በሙቀቱ ነው፤ ያገኘችውን ሁሉ ቀለም አትይዝም ብላ ማርታ ስታስተምር ያን ባለባጃጅ አስታወስኩት።

ደወል ሲደወል ሱፐርቫይዘሩ ማርታን ጠርቶ ፎርሙን አሳያት። እኔም አንገቴን አስግጌ ፊደል ቆጠርኩ። "ከአካባቢ የተገኘ የትምህርት መርጃ መሣሪያ በሚገባ ተጠቅማለች" ይላል።

"እስስቷን ማለታቸው ነው?" አልኳት በሹክሹክታ።

"አይ እማዬ" አለች ሳቋን አፍና፣ "አንቺን ነው።"

ማርታ ቋሚ ሆነች። እስስቷን አጥራችን ጥግ ያለችው ቡና ላይ ለቀቅናት፤ አሁንም አለች መሰለኝ። ለእትዬ ዘውዴ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ "ታዲያ ስልሳ ልጅ እንደ አህያ ጮኸ፤ ከዚያ ለቀቀች። እኔስ ምን አልኩ?" አሉኝ። በጩኸቱና በመልቀቋ መሀል ትንሽ ጊዜ አልፏል ብላቸው፣ ድምፁ እስኪገባት ነው አሉ።

ባለፈው እሑድ አመሻሽ ላይ ልብስ ከገመድ ሳወርድ ማርታ ደጅ ላይ ወንበር አውጥታ ደብተሯ ላይ ትጽፍ ነበር።

"እማዬ፣ ሐሙስ ስለ ሌሊት ወፍ ነው የማስተምረው። ልጆቹ የቲቸር እናት ትምጣ ብለዋል። ትመጫለሽ?"

ሰማዩን አየሁት፤ መምሸት ጀምሯል። ሻሼን እስከ ቅንድቤ አወረድኩ፣ ከኋላ ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት፣ ጎተት ጎተት አድርጌ ጥብቀቱን ፈተሽኩና፦

"ስንት ሰዓት ላይ ነው?" አልኳት።